ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ የዳነችው ያማሃ

ለረጅም ጽሑፍ ጊዜ ለሌላችሁ ውጤቱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ያረጀ የድምፅ ሞጁል፣ ኪቦርድ፣ ሚክሰር ወይም አምፕሊፋየር ተበላሽቶባችሁ «ይሄማ አለቀለት» ከተባላችሁ፣ ከመጣላችሁ በፊት ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ያለችውን ትንሽ የጥገና ክፍል ሞክሩ። እኔ ሞክሬ እቃዬ ድኖልኛል። 19 ቀን ፈጅቷል። 3,400 ብር ከፍያለሁ። ለምን ይህን ያህል ቀን እንደፈጀ፣ ብሩም ለምን ለምን እንደዋለ ከታች አለ።

እቃዬ ያማሃ ቲኤክስ 81 ዜድ ትባላለች። በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣች ጠፍጣፋ ጥቁር ሣጥን ናት። የራሷ ኪ የላትም። በሚዲ ገመድ (የትኛው ኖታ እንደተነካ ከእቃ ወደ እቃ በሚያስተላልፈው) ሚዲ መሰኪያ ካለው ከማንኛውም ኪቦርድ ጋር ታገናኟታላችሁ፤ ጣታችሁ ኪቦርዱ ላይ ነው፣ ድምፁ ግን ከሷ ይወጣል። በአንድ ጊዜ 8 ኖታ ብቻ ነው የምታወጣው። ዛሬ ስልክ ላይ ያለ አፕሊኬሽን ከዚህ በላይ ያወጣል፣ አውቃለሁ። ግን ያንን ባስ አያወጣም። «ሌትሊ ባስ» የሚባለውን ድምፅ የማታውቁ ካላችሁ ስሙን ባታውቁት ነው እንጂ ሰምታችሁታል፤ የዚያ ዘመን ዳንስ ሙዚቃ ውስጥ ሞልቷል። ታላቅ እህቷ ዲኤክስ 7 (የ1983ቷ) 6 ኦፕሬተር (ድምፁን አንድ ላይ የሚሠሩ የሞገድ ምንጮች) ነበራት፣ ሁሉም ግን ሳይን ሞገድ (ለስላሳው ቀላል ሞገድ) ብቻ ናቸው። ይቺ 4 ኦፕሬተር ብቻ ይዛ 8 ዓይነት ሞገድ አላት። ለዚህ ነው ድምፁ ሻከር ያለና ሥጋ ያለው የሚሆነው።

እኔ የምወዳት ግን በሌላ ነገር ነው። ቅኝት ትቀበላለች። ኪቦርድ ላይ ያሉት 12 ድምፆች እኩል በእኩል ርቀት የተደረደሩ ናቸው። መሲንቆ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ነገር አያውቅም። ጣት ያረፈበት ቦታ ነው ድምፁ። ትዝታን በኪቦርድ ስትጫወቱት ለጆሮ ብዙ አይጎረብጥም፤ አንቺሆዬ ላይ ስትደርሱ ግን የሆነ ነገር ተዛብቶ ይሰማችኋል፣ በተለይ መሲንቆ ሲሰማ ላደገ ሰው። ይቺ ሣጥን እያንዳንዱን ኖታ ከፍ ዝቅ አድርጋችሁ የራሳችሁን ቅኝት እንድትጽፉባት ትፈቅዳለች። አምና ክረምት መሲንቆ ተጫዋች ከሆነ ጓደኛዬ ጋር ሦስት ማታ ቁጭ ብለን አንቺሆዬን በሱ ጣት ልክ አስተካክለን ጻፍንባት። እሱ ይገዘግዛል፣ እኔ ቁልፍ እጫናለሁ፣ «ትንሽ ዝቅ፣ ትንሽ ዝቅ፣ በቃ» ይለኛል። ያ ቅኝት ያለው እሷ ውስጥ ብቻ ነበር። ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩትም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ሞጁሏን ያመጣችልኝ አሜሪካ ያለች አክስቴ ናት፣ ሻንጣዋ ውስጥ በፎጣ ጠቅልላ። ከኋላዋ 120 ቮልት፣ 60 ኸርትዝ ይላል። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርትዝ ነው። ስለዚህ በስቴፕ ዳውን፣ ማለት 220ውን ወደ 110 ገደማ በሚያወርድ ሣጥን ነው የማሠራት። ለሁለት ዓመት እንዲሁ ሠራች። ከዚያ ማጉረምረም ጀመረች። መጀመሪያ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ የሚሰማ፣ ቀጥሎ በስፒከርም የሚሰማ «እምምም»። ኪቦርድ ላይ ሳመሳክረው ከታችኛው ሶል ትንሽ ከፍ ይላል። ያኔ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም ነበር። አሁን ገብቶኛል፦ 100 ኸርትዝ ነው። የመብራታችን 50 ኸርትዝ በዳዮዶቹ ሲያልፍ እጥፍ ይሆንና 100 ይሆናል፣ ያንን የሚያለሰልሱት ካፓሲተሮች ሲደክሙ ድምፁ ወደ ውጭ ይፈሳል። ታችኛው ሶል 98 ነው። ስለዚህ እቃችሁ ከሶል ትንሽ ከፍ ባለ ድምፅ የሚያጉረመርም ከሆነ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት የኃይል ክፍሉን ይሁን።

ቆይቶ ደግሞ መብራት ትንሽ ወረድ ሲል ስክሪኗ ይደበዝዝና እንደ አዲስ ትነሳ ጀመር። ጎረቤት ምጣድ ሲሰካ እሷ ትጠፋለች። ያኔ ነው ወደ ጥገና የወሰድኳት።

የመጀመሪያውን ቦታ ስሙንም ሰፈሩንም አልጽፍም። የሆነውን ብቻ ልንገራችሁ። ስቴፕ ዳውኑን ይዤ ነበር የሄድኩት። «በዚህ ነው የምትሠራው» ብያለሁ። ልጁ ሌላ ሥራ ላይ ነበር፣ ራሱን ነቀነቀ፣ አስቀምጫት ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ የሷ ጠፍጣፋ ስፒና ጠረጴዛው ላይ ያለው ዲቫይደር ላይ ተሰክቷል። እነዚህ ዲቫይደሮች የማይቀበሉት ስፒና የለም። ክቡም ጠፍጣፋውም ይገባል። ክፍሉ ውስጥ የሞቀ ቫርኒሽ ሽታ ነበር። «ቦርዱ ተቃጥሏል፣ መጀመሪያም የሞተ ነው» አለኝ። ለማየት ብቻ 500 ብር ተቀበለኝ። ከፍዬ ይዣት ወጣሁ። ስክሪኗ አይበራም፣ ማጉረምረሟም የለም፣ ምንም የለም። ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጫት ስሄድ የማስበው ስለ ብሩ አልነበረም፣ ስለ ሦስቱ ማታ ነበር።

ሁለት ሰዎች ጠየቅኩ። አንዱ «ለጌጥ አስቀምጣት» አለኝ። ሌላኛው፣ ሠርግ ቤት ድምፅ የሚያስተካክል ልጅ፣ «ጋሼን አሳያቸው» አለኝ። በፊት ፒያሳ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢው ሲፈርስ ብዙ ሠሪዎች ወደየሰፈሩ ተበተኑ፣ እሳቸውም ወደ ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ መጡ። ፊት ለፊት ያለውን ትልቁን የአንበሳ ሐውልት ታውቁታላችሁ። እሱን ይዛችሁ ወደ ጀርባ ስትዞሩ ካሉት ያረጁ ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ። በሩ ላይ ምንም አልተጻፈም። ሬዲዮ ሲነጋገር ከሰማችሁ ደርሳችኋል። በባቡር የምትመጡ ለገሃር ውረዱ፣ ከዚያ የእግር መንገድ ነው።

ክፍሏ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ብትሆን ነው። እስከ ኮርኒስ ድረስ መደርደሪያ። የድሮ ቴፖች፣ የእንጨት ሣጥን ያላቸው ሬዲዮኖች፣ ሆዳቸው የተከፈተ አምፕሊፋየሮች። እያንዳንዱ ላይ በናስትሮ የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ የባለቤቱ ስምና የገባበት ቀን። ጋሼ ስልሳዎቹ ውስጥ ናቸው። አብራቸው አንዲት ወጣት ልጅ ትሠራለች። እሳቸው ያያሉ ይናገራሉ፣ እሷ ትለካለች ትጽፋለች።

ሞጁሏን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። አልከፈቷትም። ገልብጠው ከኋላ ያለውን ጽሑፍ በመነጽራቸው ላይ ሌላ ማጉያ ደርበው አነበቡ።

«ከአሜሪካ ነው የመጣች?»

«አዎ ጋሼ።»

«220 ላይ ተሰክታለች?»

«እኔ አልሰካኋትም። ሌላ ቤት ነው የተሰካችው።»

ስለ ሌላው ቤት አንድም ቃል አልተናገሩም። ይሄንን አደነቅኩት። ከዚያ ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቁኝ።

«ውስጧ ያስቀመጥከው ነገር አለ? የራስህ የሆነ?»

ቅኝቱን ነገርኳቸው። ሦስቱን ማታ ሳይቀር። ልጅቷን ዞር ብለው አዩአትና «እንግዲያው ባትሪዋን አንነካትም፣ ጻፊው» አሏት። እሷም ደብተሩ ላይ «ባትሪ አይነካ» ብላ ጻፈችና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚያ ዘመን ሞጁሎች እናንተ የጻፋችሁትን ድምፅ የሚይዙት በአንዲት ክብ 3 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ኃይል ነው። ባትሪዋ ስትነሳ የጻፋችሁት ሁሉ ይጠፋል። ብዙ ሠሪ ደግሞ ያረጀ እቃ ሲከፍት መጀመሪያ የሚቀይረው ባትሪውን ነው፣ ጥሩ ነገር የሠራ መስሎት። እኔም ይሄንን ሳላውቅ ነው የመጀመሪያው ቦታ ላይ ጥያት ሻይ ልጠጣ የወጣሁት።

ልጅቷ በካቻቢቴ ቪቴዎቹን ፈታች። እያንዳንዱን ቪቴ ከየት እንዳወጣች እንድታውቅ በካርቶን ላይ ሣጥኑን ስላ በየቦታው ትሰካቸዋለች። ክዳኑ ሲነሳ የኃይል ክፍሉ በግራ በኩል ታየ። ለማታውቁት አሠራሩ ቀላል ነው። ትራንስፎርመሩ የገባውን ቮልት ዝቅ ያደርጋል። ዳዮዶቹ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲሄድ ያደርጉታል። ትላልቆቹ ካፓሲተሮች ያለሰልሱታል። ሬጉሌተሩ ደግሞ ለዲጂታሉ ክፍል ልክ 5 ቮልት አድርጎ ይሰጣል፣ ለድምፁ ክፍል ፕላስና ማይነስ ያለው ሌላ ቮልት አለ። ከነዚህ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሁሉ ጤነኛ ሆኖ እቃው ሬሳ ይመስላል። «ቦርዱ ተቃጥሏል» የሚባለው አብዛኛው ነገር ይሄ ነው ይላሉ ጋሼ።

ስፒናው ላይ ቴስተር አደረገች። ምንም። መስመሩ ተቋርጧል። ገመዱን ለብቻ ለካችው፣ ደህና ነው። ማብሪያ ማጥፊያውን ለካች፣ ደህና ነው። የትራንስፎርመሩን የመብራት በኩል ለካች፣ የለም። የሌላኛውን በኩል ለካች፣ አለ። ቁጥሩን ሁሉ ጻፈች። እኔ በዚህ ጊዜ «በቃ ትራንስፎርመሩ ነደደ፣ ከየት ይመጣል» ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ጋሼ ግን ትራንስፎርመሩን ከቦታው አስነስተው ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት።

«ይሄ አልነደደም» አሉ። «ሞቋል እንጂ አልነደደም።»

ትራንስፎርመሩ ላይ ቢጫ ናስትሮ ተጠምጥሟል። ጫፉን በምላጭ አንስተው ቀስ አድርገው መላጥ ጀመሩ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። ሦስተኛው ዙር ሥር የባቄላ ፍሬ የምታክል ነገር ብቅ አለች፣ ሁለት ቀጭን እግር ያላት፣ ላይዋ ላይ የሙቀት መጠን የተጻፈባት። የሙቀት ፊውዝ ናት። ትራንስፎርመሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ሽቦው ከመንደዱ በፊት እሷ ትቆርጣለች። አንዴ ከቆረጠች አትመለስም። ልጅቷ ሁለቱ እግሮች ላይ ቴስተሩን አደረገች፤ ተቆርጣለች። ከሷ ወዲያ ያለውን ሽቦ ለካች፤ አለ! ሙሉ ሽቦው ጤነኛ ነው። 220 ስትገባባት ያቺ ባቄላ ነበረች ራሷን ሰጥታ ሌላውን ያዳነችው። እውነቱን ለመናገር ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።

አሁን ወደ 19ኙ ቀን ልምጣ። ብዙ ሰው የሚያማርረው በዚህ ነው፣ እኔም አሥረኛው ቀን ላይ ተናድጄ ነበር። እዚያ ቦታ ላይ አንዲት ቁራጭ ሽቦ በጥሶ ማገናኘት ይቻላል። አምስት ደቂቃ ነው። እቃው ይሠራል። በግልጽ ጠየቅኳቸው፣ «ጋሼ፣ ዝም ብሎ በሽቦ ቢገናኝስ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ይሄ ነገር የሚሠራው አንተ ተኝተህም ጭምር ነው» አሉኝ። ሌላ አላሉም። የሙቀት ፊውዝ ከማራገቢያ ሞተርም ከሩዝ መቀቀያም ሊወጣ ይችላል፣ ግን የሙቀት መጠኑ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ከፍ ያለ ከገባ ሽቦው እስኪነድ ዝም ብሎ ያያል፣ ዝቅ ያለ ከገባ በበጋ ቀን ያለ ምክንያት ይቆርጣል። ከመርካቶ ሁለት ጊዜ ተገዝቶ መጣ፣ ሁለቱንም ጊዜ ቁጥሩ አልገጠመም፣ ሁለቱንም ጊዜ መለሱት። በሦስተኛው ተገኘ። 9 ቀን የሄደው ለዚህ ነው። ይሄንን ካወቅኩ በኋላ መናደዴን ተውኩ።

ሲገጠም እዚያው ነበርኩ። ይሄኛውን ማየት አለባችሁ። የሙቀት ፊውዝን በሊድ መበየድ ራሱ አስቸጋሪ ነው፣ ምክንያቱም የሊድ ማቅለጫው ሙቀት በእግሯ ወጥቶ ገና ሳትገጠም ይቆርጣታል። ልጅቷ እግሯን በፒንሳ ጥብቅ አድርጋ ያዘች፣ ከፒንሳው ወዲህ ጋሼ ማቅለጫውን አስነክተው ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ አነሱ። ሙቀቱን ፒንሳው ይጠጣዋል። ሌላኛውም እግር እንዲሁ። ወዲያው ለካች። አለ። ከዚያ አዲስ ናስትሮ፣ ሙቀት የሚችለውን ዓይነት፣ እንደ ድሮው በሦስት ዙር ጠመጠሙበት።

ቀጥሎ ካፓሲተሮቹ። መጀመሪያ ያመጣኝ እኮ ማጉረምረሙ ነው፣ እሱን አልረሱትም። ከትልልቆቹ የሁለቱ ራስ ትንሽ አብጧል። ጣታችሁን ስታስኬዱበት ይታወቃችኋል፣ ጠፍጣፋ መሆን ሲገባው ጎበጥ ይላል። የካፓሲተር ሆድ ውስጥ ፈሳሽ አለ፣ በዓመታት ብዛት ይደርቃል፣ ሙቀት ደግሞ ያፈጥነዋል። በ10 ዲግሪ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ለዚህ ነው እሳቸው ድሮ 85 ዲግሪ የሚለው የነበረበት ቦታ ሁሉ 105 ዲግሪ የሚለውን የሚገጥሙት። ማይክሮፋራዱ (የመያዝ አቅሙ) ያው፣ ቮልቱ ያው ወይም ከፍ ያለ፣ ከዚያ በታች በጭራሽ። ከማውጣታቸው በፊት ልጅቷ የማይነሱን በኩል ቦርዱ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደረገች፣ በስልኳም ፎቶ አነሳች። ካፓሲተር ተገልብጦ ከተገጠመ ይፈነዳል። ሬጉሌተሮቹን ለክተው ጤነኛ ስለሆኑ አልቀየሯቸውም። ይሄም ደስ አለኝ። ያልተበላሸ ነገር ቀይረው አላስከፈሉኝም።

ከዚያ የመብራቱ ሰዓት። በቀጥታ አልሰኩም። ግድግዳው ላይ አንድ የድሮ ባለ ክር አምፖል፣ 100 ዋት፣ ተሰቅሏል። መብራቱ መጀመሪያ በአምፖሉ አልፎ ነው ወደ ስቴፕ ዳውኑ፣ ከዚያ ወደ ሞጁሏ የሚደርሰው። ውስጥ የተነካካ ነገር ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፣ ሌላ ጉዳት ግን አይደርስም። ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም፣ የድሮው ክሩ የሚታየው ነው። የኃይል ክፍሉን ከዋናው ቦርድ ጋር የሚያገናኘውን ገመድም ነቅለውታል። ማለት፣ ስህተት ቢኖር እንኳን ስህተቱ ወደ ዋናው ቦርድ አይደርስም። ልጅቷ ማብሪያውን ተጫነች። አምፖሉ ብልጭ አለና ወዲያው ደበዘዘ። ቴስተሩ 5.02 አለ። እሷ «5.02» ብላ ጻፈች። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ገመዱ ተሰካ፣ ድጋሚ ማብሪያው ተነካ፣ ስክሪኗ በራ።

በዋዜማው ደውለው «ኮምፒውተርህንና የሚዲ ገመድህን ይዘህ ና» ብለውኝ ነበር። ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ባትሪዋን ከመንካታቸው በፊት ውስጧ ያለውን ሁሉ በሚዲ ወደ ላፕቶፔ እንዳወጣ አደረጉኝ፤ ድምፆቹን፣ ቅኝቱንም። ልጅቷ ፋይሉ ባዶ አለመሆኑን እንዳሳያት ጠየቀችኝ። አሳየኋት። ከዚያ ብቻ ባትሪዋ ወጣች። ተለካች፣ 2.71 ቮልት። ብዙ አይቆይም ነበር አሉኝ። በቦታው ማቀፊያ ገጠሙ፣ ከእንግዲህ ባትሪ ሲያልቅ ያለ ሊድ በጣት ብቻ ይቀየራል። ቅኝቱን ከላፕቶፑ መልሼ ጫንኩት።

ኪቦርድ ይዤ ስለነበር እዚያው ሰካሁት። መጀመሪያ ምንም ሳልጫወት የጆሮ ማዳመጫውን አደረግኩ። ያ «እምምም» የለም። ዝምታ። ከሁለት ዓመት በፊት ከሻንጣ ስትወጣ የነበረው ዝምታ ነው። ከዚያ በጋሼ ትንሽ ስፒከር አንቺሆዬን ተጫወትኩ፣ ቀስ ብዬ፣ አምስቱን ድምፅ ወደ ላይ ወደ ታች። ጋሼ ሌላ ሬዲዮ እየፈቱ ነበር። እጃቸው ቆመ።

«ይሄ ቅኝት የኪቦርድ አይደለም» አሉ።

«የመሲንቆ ነው ጋሼ፣ ያ የነገርኩዎት።»

«ድገመው እስቲ» አሉኝ። ደገምኩት።

ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ የእጅ 2,200 ብር፣ የእቃ 1,200 ብር። የእቃው ዝርዝር ከነዋጋው በወረቀት ተጽፎ ተሰጠኝ፣ ያወጧቸው ካፓሲተሮች፣ አሮጌዋ ባትሪና ያቺ ባቄላም በትንሽ ፌስታል። ለኔ ውድ አይደለም። ለማየት ብቻ የሚከፈል ነገር የለም፣ ካልሠሩት አይቀበሉም። በአንድ ቀን እንዲያልቅላችሁ ከፈለጋችሁ ግን ቦታው አይሆናችሁም፣ በተለይ ነገ ሥራ ያለባችሁ የባንድ ልጆች ይሄንን አስቡበት።

የማይመቹ ነገሮችም አሉ። ስልክ አያነሱም፣ እጃቸው ሥራ ላይ ከሆነ ቢጠራ ቢጠራ ዝም ነው፤ ሲመቻቸው ግን መልሰው ይደውላሉ። እቃው የት እንደደረሰ ለማወቅ ሁለት ጊዜ በአካል መሄድ ነበረብኝ። ሊፍት የለም፣ ትልቅ አምፕሊፋየር ያለው ሰው የሚሸከምለት ይዞ ይሂድ። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ሁለት ሰው ከቀደማችሁ ኮሪደር ላይ ቆማችሁ ነው የምትጠብቁት። ሞባይል አይሠሩም። ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ነው።

ስትሄዱ የእቃችሁን የራሱን ስቴፕ ዳውን ወይም አዳፕተር ይዛችሁ ሂዱ። ግማሹ ብልሽት እዚያ ላይ ነው የሚገኘው ይላሉ። ከየት እንደመጣ፣ ምን ላይ እንደተሰካ፣ መቼ እንደጠፋ እውነቱን ንገሯቸው። አይቆጡም። እኔ ትራንስፎርመሩ ለ220 በአዲስ ሽቦ ይጠቅለልልኝ ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር፣ ይቻላል፣ የሚጠቀልሉ ሰዎች አሉ፣ ግን ጤነኛ ትራንስፎርመር ማፍረስ አያስፈልግም አሉኝ። በምትኩ ስፒናዋንና ስቴፕ ዳውኑን በናስትሮ አንድ ላይ አሰሩልኝ፣ ማንም ነቅሎ ዲቫይደር ላይ እንዳይሰካት። ከኋላዋም ልጅቷ በቀይ ቀለም «110 ብቻ» ብላ ጻፈችባት፣ በትልቁ።

ትናንት ደግሞ አንድ ጓደኛዬ ከጃፓን ሮላንድ ዩ 220 መጣለት። እሱም የ1989 እ.ኤ.አ. ሞጁል ነው። ስሙ ላይ ያለው 220 የሞዴሉ ቁጥር ነው፣ ቮልቱ አይደለም። ከኋላው 100 ቮልት ነው የሚለው። ጋሼ ጋ ደወልኩ፣ አላነሱም። ማታ መልሰው ደወሉ። ነገርኳቸው።

«ሰኞ ይዛችሁት ኑ» አሉ። «እስከዚያ ምንም ላይ እንዳይሰካው ንገረው።»

ነግሬዋለሁ። ስፒናውንም በናስትሮ ጠቅልዬበታለሁ።